«ግልባጭ ነው» ያልከኝ ደብዳቤ

ሲሳይዬ፣

ከተለየኸኝ እነሆ ስድስት ወር ሆነ፤ የመንፈቅ ተዝካርህን አወጣን። ሰቆጣ እንደተውካት ናት፤ መብራቱ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። ትሠራባት የነበረችው ክፍል የሴቶች ፀጉር ቤት ሆናለች። ያንን ጀርባው ያበጠ፣ ፍሎፒ የሚውጥ ኮምፒውተርህን ግን ለማንም አልሰጥም ብዬ ቤት አስገባሁት።

ምን ያልጻፈ አለ! የሠርግ ጥሪ፣ የንግሥ ጥሪ፣ ከሰሃላ በእግሩ የመጣ ገበሬ አቤቱታ። ማተሚያው መንጫጫት ሲጀምር ጎረቤቱ «የሲሳይን ፍየል ምጥ ያዛት!» እያለ ይስቅብህ ነበር። አንተም ትስቃለህ። ሳቅህ ናፍቆኛል፣ አልክድም።

ባለፈው ሳምንት ዕድሩ የአባላት ስም ዝርዝር ፈልጊልን ቢለኝ ከፈትኩት። በስሜ የተሰየመ ፎልደር አገኘሁ። ደስ አለኝ እኮ፣ እኔ ሞኟ! የፍቅር ደብዳቤ መስሎኝ።

እናቴ እዚሁ ዞናችን ባለችው በገጠሯ ዝቋላ ዓይኗ ሲፈዝ፣ እሷ ዘንድ ሆኜ ላስተምር ብዬ ሦስት ዓመት በተከታታይ የዝውውር ማመልከቻ አስገባሁ። የምትተይበው አንተ፣ የምታደርሰው አንተ፣ መልሱን የምታመጣውም አንተ። ሦስቴም «አልተፈቀደም»። ማኅተሙስ ስልህ፣ «ዋናው ላይ ነው፤ ይሄ ግልባጭ ነው» አልከኝ። አመንኩህ። መምህር ሁሉ ወደ ከተማ ልግባ ብሎ በሚለማመጥበት አገር፣ ዝቋላ ልሂድ ያለችን ማን ይከለክላል ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

ሦስቱም መልሶች ፎልደሩ ውስጥ ናቸው። የጻፍካቸው አንተ ነህ። «ጥያቄዎ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን እንገልጻለን» ትላለህ። በትዳራችን አንድ ቀን እንኳ እርስዎ ብለኸኝ አታውቅም፤ ስትዋሸኝ ግን አከበርከኝ!

ምክንያትህ አይጠፋኝም። እዚያ ለኮምፒውተርህ መብራት አልነበረም፤ እዚህ ብቻህን መቅረቱንም ፈራህ። ይህንኑ በአፍህ ብትነግረኝ እንጣላ ነበር፣ እንታረቅም ነበር። እናቴ ግን መቼ ነው የምትመጣው እያለች ሞተች። እኔ የደረስኩት ለቀብሯ ነው። ያን ዕለት አብረኸኝ አለቀስክ። እንዴት አስቻለህ፣ ሲሳይ?

ሐሙስ ማመልከቻዬን በእጄ ጽፌ ራሴ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወሰድኩት። ኃላፊው አነበበና «መምህርት፣ ዝቋላን የሚጠይቅ ሰው እኮ ስንት ዓመት ስንለምን ከርመናል!» ብሎ ሳቀ። እዚያው ፈረመልኝ።

ሰኞ እሄዳለሁ። ለማን እንደምሄድ እኔም እንጃ። አንተን አልረሳህም፤ ሰው ሁሉ ጨዋ ነበር ሲልህ ዝም ብዬ እሰማለሁ። በየወሩም ስምህን ለጸሎት ለቄሱ እሰጣለሁ።

የእናቴን ስም ግን አስቀድማለሁ።