መልሶ ያልተሳደበው ሰይድ

ኅዳር 6 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ መርሳ

ጤና ጣቢያው በጦርነቱ ባዶ ስለሆነ ቁስለኛ ወደ ቤታችን ይመጣል። ሕክምና የምትማረው የልጄ ልጅ ትዕግሥት ታክማለች፤ እኔ እተርባለሁ።

«አባባ፣ አሁንም ይቀልዳሉ?» አለችኝ።

ድሬሰር ሆኜ ቁስል ሳክም በኖርኩበት ዘመን የያዝኩት ዘዴ ነው። መልሶ የሚሰድበኝ ይቆያል፣ ዝም የሚለኝን አስቀድሚ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬን ሰይድን ከጎረቤት ከተማ ከግራና በቃሬዛ አመጡት። ደም እንኳ አይታይበትም።

«አንተ ስስታም፣ ዛሬም ባዶ እጅህን መጣህ?»

ወትሮ አባቴን ከመቃብር አውጥቶ የሚሰድብ ሰው «እሺ» ብቻ አለኝ። ትዕግሥት ሮጣ ሆዱን ዳሰሰችው፤ እንደ ጣውላ ደርቋል፣ ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ያለው ወልድያ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል።

«አሁንስ ምን ላድርግ፣ አባባ?»

እጁን ያዥለት አልኳት። ሌላ የማስተምራት አልነበረኝም። አላለቀስኩም። ራቴን በልቼ፣ ጨው የለውም ብዬ አማረርኩ። ሰይድ እስካሁን ይተነፍሳል።