ሊኑክስ እና የአባባ የይለፍ ቃል

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ላፕቶፔን ዛሬ ገዛሁ! አባባ በጠዋት ከገጠር ከሶፊ መጥተው ፈረስ መጋላ አደባባይ ካለው የኮምፒውተር ሱቅ አብረን ገባን። ባለሱቁ ስስና የሚያብረቀርቅ አሳየን። እኔ ግን ያገለገለውን ወፍራሙን መረጥኩ፤ ባትሪው ይቀየራል፣ ሊኑክስ የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓትም ያለችግር ይጫንበታል። አባባ ቅር ቢላቸውም "የምትማሪበት አንቺ ነሽ" ብለው ተውኝ።

ቤት ገብተን ሊኑክስን ስጭን አጠገቤ ተቀመጡ። የውስጥ አሠራሩን ማንም ሰው ማየት እንደሚችል ስነግራቸው ደነገጡ።

"ታዲያ ሌባስ አያየውም?"

"ያየዋል አባባ። ግን ሌባው የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍኑትም ያዩታል። እነሱ ማሻሻያ ሲልኩ ቶሎ መጫን የኔ ሥራ ነው።"

"በይ አሁኑኑ ጫኚዋ፣ ቢስሚላህ!"

ማሻሻያው ሲያልቅ ለእሳቸውም የራሳቸውን መግቢያ ከፈትኩላቸው። የይለፍ ቃሉ ረዘም ይበል፣ ለማንም እንዳይነግሩ አልኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በአንድ ጣት ቀስ እያሉ ጻፉ። "ላንቺም አልነግርሽም!" አሉና ከት ብለው ሳቁ።

ይኸው ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቢሞክሩ ቢሞክሩ አልከፈት ብሏቸዋል። በተሳሳቱ ቁጥር በራሳቸው ይስቃሉ። የይለፍ ቃሉን እኔ ልቀይርላቸው እንደምችል አያውቁም። ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ግን እንዲህ ሲስቁ ካየኋቸው ስንት ጊዜዬ…