አባዬ፣ ከመስከረም ጀምሮ ክፍል አልነበረኝም

አባዬ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሞላ። እኔ ደህና ነኝ። ዳገት ላይ ጉልበቴ ማስቸገሩን አልተወም እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም።

ቤታችንም ብዙ አልተለወጠም። አልጋህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት። መስኮትህ ፊት ያለው አቮካዶ በሚያዝያ ነፋስ ትልቁ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ወደቀ። አሁን አንተ ትተኛበት ከነበረው ቦታ ወደ ገበያ የሚወርደው መንገድ ፊት ለፊት ይታያል። ብታየው ኖሮ እገሌ ወረደ፣ እገሌ ወጣ ስትል ትውል ነበር።

የጻፍኩልህ ግን ሌላ ነገር ልነግርህ ነው። ዋሽቼሃለሁ።

ባለፈው መስከረም ትምህርት ሲጀመር የእኛና የጎረቤት ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ተዋሃዱ። የአማርኛ መምህራን በዛን። ሌሎቹ ዲግሪ አላቸው፤ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት በዲፕሎማ ነው። ስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ትርፍ መምህራን» ከሚለው ሥር ተለጠፈ። ትርፍ። ቃሏን ቆሜ ደጋግሜ አነበብኳት። ተማሪዎች ከኋላዬ ሆነው የየራሳቸውን ክፍል ለማየት ይጋፉ ስለነበር ቦታውን ለቀቅኩላቸው። ምደባ እስኪመጣልኝ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንድቀመጥ ተነገረኝ።

የዚያን ቀን ቤት ስገባ ትራስህን ደገፍ ብለህ እንደ ሁልጊዜህ «ዛሬ ምን አስተማርሽ?» አልከኝ። እግርህ ከከዳህ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የምትጠብቃት ያቺን ሰዓት ነበር። አፌ ቀደመኝና «ተውላጠ ስም» አልኩህ። በማግስቱ አያያዥ ቃላት አስተማርኩ። ከዚያ ደግሞ ደብዳቤ አጻጻፍ። ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጬ ማታ ለአንተ የምነግርህን ትምህርት እዘጋጃለሁ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ለክፍሌ እንኳ እንደዚያ ተዘጋጅቼ አላውቅም። «ዓመት» እንዴት እንደሚጻፍ ግማሽ ሰዓት የተከራከርነውን ታስታውሳለህ? «በዐይኑ ዐ ካልሆነ ዓመት አይባልም!» እያልክ ፍራሹን በመዳፍህ ትመታው ነበር።

ትርሲት የምትባል ረባሽ ተማሪም ፈጠርኩልህ። የቤት ሥራ የማትሠራ፣ ስታነብ ግን ክፍሉን ጸጥ የምታሰኝ። አንተም በየቀኑ «ትርሲትስ መጣች?» ትለኛለህ። በጥቅምት ልታርፍ ሁለት ቀን ሲቀርህ እንኳ ጠይቀኸኛል። መጥታለች፣ አንብባለች አልኩህ።

ሐዘንተኛው ተበትኖ ብቻዬን ስቀር ከፊታችን ያሉት ባለሱቅ፣ ጋሽ ሙደሲር፣ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የልጅ ልጃቸው እኛ ትምህርት ቤት ስለሚማር የእኔን ነገር ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሰምተው ነግረውህ ኖሯል። «ምን አለኝ መሰለሽ፤ ‹ተዋት፣ እኔን ታስተምር። ማወቄን እንዳትነግርብኝ› አለኝ። የዚያችን የትርሲትን ነገር ሲያወራልኝማ እንባው እስኪወርድ ነበር የሚስቀው» አሉኝ።

ለካስ እኔ ለአንተ ስል ስዋሽ አንተ ለእኔ ስትል ታዳምጠኝ ነበር። መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ ግን ሳቄ መጣ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ በሐዘን ቤት ውስጥ።

በግንቦት ከሁለት አንዱን ምረጪ ተባልኩ። ወይ ሸኮ አካባቢ ሄጄ አንደኛ ክፍል ማስተማር፣ ወይ ስልሳ ሳይሞላኝ ጡረታ መውጣት። ዕድሜዬም አገልግሎቴም ይፈቅድልኛል፤ የማገኘው ግን አራት ዓመት ብታገሥ ከማገኘው ያነሰ ነው። አንተ ብትኖር አላመነታም ነበር። ቤት ውዬ አንተን ማስታመም ምን ይከፋኛል? አሁን ግን ባዶ ቤት ለመጠበቅ ነው ወይ ጡረታ የምወጣው አልኩ። ደግሞም ተናድጄ ነበር። ትርፍ ያሉኝ ሰዎች መቼ እንደምወጣም እነሱ ሊወስኑልኝ ነው ብዬ እልህ ያዘኝ።

ሳልወስን ቦታውን ልየው ብዬ ሄድኩ። ከሚኒባሱ ወርጄ በቡናው ጥላ ሥር በጭቃ ረጅም መንገድ በእግሬ ተጓዝኩ። ርዕሰ መምህሩ ትሑት ወጣት ነው፤ «እስቲ ይሞክሩት» ብሎ ጠመኔ ሰጠኝ። ልጆቹ በአንድ ወንበር አራት አራት ሆነው ተጨናንቀዋል። ስለ ዝናብ ጠየቅኳቸው። አንድም እጅ አልወጣም። ከበስተኋላ ቆማ የነበረች ወጣት በሸኮኛ አንድ ነገር ብትላቸው ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ።

ልጅቷ የዚያው ቀበሌ ልጅ ናት። ከኮሌጅ ተመርቃ ቅጥር እየጠበቀች ያለ ደመወዝ ታስተምራለች። እኔ ከመጣሁ ለእሷ የሚሆን መደብ እንደማይኖር ርዕሰ መምህሩን ጠይቄ ሰማሁ፤ እሷ ትንፍሽ አላለችም። እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ክንዴን ይዛ ጭቃውን እያሻገረችኝ «እርስዎ ብቻ ይምጡ፣ ቋንቋውን እኔ አስተምርዎታለሁ» አለችኝ።

አንተ በሃያ ሁለት ዓመትህ መምህር ሆነህ ከሰሜን ወደዚህ ወደ ሚዛን መጥተህ ቤንችኛን ከተማሪዎችህ እንደተማርክ አውቃለሁ። እኔም እችል ይሆናል። ግን ስመለስ መኪናው ውስጥ ራሴን ጠየቅኩት፤ አስካለ፣ መሄድ የፈለግሽው ለምንድን ነው? መልሱ አላኮራኝም። ከሥራ ስመለስ በሩን ከፍቼ ማንም የሌለበትን ክፍል ላለማየት ነበር። እነዚያ ልጆች የሚመጡት ማንበብ ሊማሩ ነው፤ እኔን ከብቸኝነት የማውጣት ዕዳ የለባቸውም። እልሄም እዚያው መንገድ ላይ ቀረ።

ባለፈው ማክሰኞ ጽሕፈት ቤት ሄጄ የጡረታውን ፎርም ሞላሁ። «የቅርብ ተጠሪ» በሚለው መሥመር ላይ እጄ ሳያማክረኝ ያንተን ስም ጻፈ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ስም ጽፌ አላውቅም። ማረፍህን የምታውቀው ጸሐፊ አየችውና ሌላ ባዶ ፎርም አቀረበችልኝ። «አይቸኩሉ፣ መምህርት» አለችኝ ቆይታ።

ለጋሽ ሙደሲር ደወልኩና ተጠሪዬ ይሁኑልኝ ብላቸው «ይህም ይጠየቃል እንዴ!» ብለው ተቆጡኝ። የእሳቸውን ስም ልጽፍ አዲሱን ፎርም ከላይ ጀመርኩ። የመጀመሪያው መሥመር ሙሉ ስም ይላል። አስካለ ብዬ ጻፍኩና ቀጥሎ ወደሚመጣው ስም ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። እዚህ ነህ ለካ። ከዚህ መሥመር ላይ ማንም ሌላ ሰው ተኪ አይለኝም።

ደስ ብሎኛል አልልህም። የሚመጣው መስከረም የትምህርት ቤቱን ደወል ከቤት ሆኜ ስሰማ ምን እንደምሆን አላውቅም። ጡረታዬን ልቀበል ስሄድ ግን በየወሩ እፈርማለሁ፤ በፈረምኩ ቁጥር ከስሜ ቀጥሎ አንተን እጽፍሃለሁ። እጄ መጻፍ እስኪያቅተው ድረስ።

ልጅህ
አስካለ ወንድይፍራው