ባዶ ሣጥን ላይ ማኅተም ለመታው ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩት የመቃብር ቦታዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ፤ ወንበርዎ እንደማይጎረብጥዎት፣ የማኅተምዎ ቀለምም እንዳልደረቀ ተስፋ አለኝ። እኔ ይኸው በእርስዎ ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ፤ መተኛዬን ስለከለከሉኝ ከመቆም በቀር ምን ምርጫ አለኝ?

ግንበኛ ነበርኩ። ሃምሳ ዓመት እስኪሞላኝ አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ ያላነበብኩትን ስፈርም ኖሬ፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ አምና ያረፈችው ባለቤቴ ናት፤ ያላነበብከውን አትፈርም ብላም አስምላኛለች። ከጎኗ ያለው ቦታ እንዲያዝልኝ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመለከትኩ ለሌላ ይሰጣል ስላላችሁኝ፣ የእህቴ ልጅ ማመልከቻውን ተየበችልኝ። የመረጠችው ፎንት፣ የኮምፒውተሩ የፊደል ቅርጽ ማለት ነው፣ ሠሪዎቹ ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት፣ የቻለም ውስጡን ከፍቶ እንዲያሻሽለው የለቀቁት ሲሆን፣ ፊደሉ ጫፍ ጫፉ ላይ ትንንሽ እግር አለው። እግር የሌለው ፊደል ዓይኔ ላይ ይንሸራተታል፤ በዚህኛው ግን የባለቤቴን ስም ሳልደናቀፍ አንብቤ ፈረምኩ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፦

፩ኛ. ወረቀቱን ትታችሁ በፍላሽ አምጣ ስላላችሁኝ አመሰግናለሁ። ኮምፒውተራችሁ ፎንቱ ስላልተጫነበት ፊደሉን ሁሉ ባዶ ሣጥን አድርጎ አሳየ፤ የመስኮት ሦስት እመቤትም ሣጥኑን በወረቀት ላይ አትመው፣ «ይዘቱ ያልተሟላ» የሚል ማኅተም መትተው፣ በክብር ፋይል ውስጥ አስቀመጡልኝ። ዓሥራ ሁለት መስመር ሙሉ ሣጥን! በዕድሜዬ ስንት ጡብ ደርድሬ፣ ማኅተም የመታልኝ ግን አልነበረም።

፪ኛ. ፎንቱን ራሱን በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ፤ ነጻ ነው፣ በሁለት ደቂቃ ይጫናል ብዬ ለመንኩ። እመቤቲቱም፣ አባባ፣ ያልተገዛ ነገር እኛ ዘንድ ዋጋ የለውም አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ሚስቴንም አልገዛኋትም። ፊደሉንም ያስተማረችኝ በነጻ ነው።

፫ኛ. በሦስተኛው ጊዜ በተገዛው ፎንታችሁ የተጻፈ መልስ ደረሰኝ። ፊደሉ እግር ስለሌለው ማንበብ ቢያቅተኝ የእህቴ ልጅ አነበበችልኝ፤ «አመልካቹ ባዶ ወረቀት በማቅረብ ሥራ አስተጓጉለዋል» ይላል። ባዶውን ማን ባዶ አደረገው? እኔ ነኝ ወይስ ሁለት ደቂቃ የነፈጋችሁኝ እናንተ?

ልጅቱ እንኳ፣ አጎቴ፣ ፎንቱን በእነሱ ቀይረን እንገላገል ብላኝ ነበር። አልቀይርም! በመጨረሻ ወረቀቴ ላይ፣ እሷ አጠገብ ልተኛ ብዬ በምለምንበት ወረቀት ላይ፣ የማላነበውን ፈርሜ በምን ዓይኔ ከጎኗ እጋደማለሁ?

ከማይናወጥ አክብሮትና ከሚያመኝ ጉልበቴ ጋር፣
ከመሞቴ በፊት መልስዎን የምጠብቅ፣
መስኮት ሦስት ፊት ዘወትር የሚያዩኝ ሽማግሌ ግንበኛ

ማሳሰቢያ፦ በርዎ ላይ የለጠፍኩት ይህ ደብዳቤ የታተመው በዚያው በነጻው ፎንት ነው። ባለጉዳዩ ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበው ነው፤ እርስዎም እዚህ ከደረሱ፣ እንደሚነበብ በገዛ ዓይንዎ አረጋግጠዋል። ስለዚህ ማመልከቻዬም ይኸው ነው፦ ቦታዬ ከሚስቴ ጎን ነው። ማኅተሙን ከዚህ ሥር ይምቱት። እርስዎ ለእኔ ባይተዉልኝም፣ እኔ ለእርስዎ ቦታ ትቼልዎታለሁ።