ለዓለምነሽ ስለተላከው የግብዣ ካርድ

ለሰባት ጉብታ ክልላዊ መናፈሻ ዋና አስተዳዳሪ
ጅቡቲ፣ ጃንዋሪ 2016

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለምክትልዎ፣ እንዲሁም የቢሮዎን አየር ማቀዝቀዣ ሳያቋርጥ ለሚያሠራው ጄኔሬተር ጭምር የተሟላ ጤና እመኛለሁ።

ጀንበሬ እባላለሁ፤ በካርቲዬ ሁለት ሰፈር ብስክሌት እጠግናለሁ። ባለፈው ማክሰኞ በመልእክተኛ የላኩት ባለወርቅማ ጠርዝ ካርድ ደርሶኛል። በመጪው አርብ ጠዋት መሥሪያ ቤትዎ «ያሠራው አዲስ የተራራ ብስክሌት መንገድ» ሲመረቅ፣ ወይዘሮ ዓለምነሽ ከቀደምት ተጠቃሚዎች አንዷ እንደመሆኗ በክብር እንግድነት እንድትገኝ ይጋብዛል። ወይዘሮ ዓለምነሽ ባለቤቴ ናት። መገኘት እንደማትችል ሳሳውቅዎ በታላቅ ይቅርታ ነው፤ በመናፈሻዎ ውስጥ በደረሰባት አደጋ ከሞተች በዚያው ሰሞን ዓመት ይሞላታል።

ካርዱን ተቀብሎ ዝም ማለት ነውር ስለመሰለኝ፣ ያለብኝን ምስጋና በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ መንገዱን «አዲስ» ብለው ስለጠሩት አመሰግናለሁ። ዓለምነሽ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ለአንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ምግብ ታበስል ነበር። ቤተሰቡ በ2009 ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ጎማው የተነፈሰ የተራራ ብስክሌት ትቶላት ሄደ። ጠግኜ እንድሸጠው ወደ ሱቄ አመጣችው። ጠግኜ ሳበቃ ግን «እስቲ ደግፈህ ያዝልኝ» አለችና ወጣችበት። አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አብሬ ሳቅሁ። ወር ሳይሞላ ሁላችንም መሳቃችንን ተውን።

ሰባቱን ጉብታዎች ያሳያት ሃያብለ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጠውና ከልጅነቱ ጀምሮ ብስክሌት የሚወደው የድሬዳዋው ሙሰዲቅ ነው። አርብ አርብ ጎህ ሲቀድ እየወጡ፣ የፍየል ዱካ እየተከተሉ፣ ጥቁሩን ድንጋይ እየፈነቀሉና እሾሁን እየመነጠሩ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰባቱ ጉብታዎች አምስቱን በአንድ መንገድ አገናኙ። መታጠፊያዎቹን ኖራ በተቀባ ድንጋይ አመለከቱ። ያኔ መሥሪያ ቤትዎ ገና አልተቋቋመም ነበር። አንድ ቀን ምን እንደምታገኝበት ብጠይቃት፣ «ጀንበሬ፣ ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ድስት ላይ አቀርቅሬ ኖርኩ። ከአራተኛው ጉብታ ስወርድ ግን ባሕሩ ወደ እኔ ይመጣል» አለችኝ። እኔ ብስክሌት በመጠገን የኖርኩ ሰው ይህን ነገር ከብስክሌት አግኝቼው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ማኅተምዎ። በ2014 መጨረሻ ሠራተኞችዎ ቁልቁለቱን አቋርጠው ቦይ ቆፈሩና ምልክት ሳያደርጉ ሄዱ። ሙሰዲቅ ወድቆበት የእጁ አንጓ ተሰበረ። ዓለምነሽ ፈረንሳይኛዋን አስተካክሎ የሚጽፍላት ሰው ፈልጋ፣ መንገዱ ላይ ሥራ በተሠራ ቁጥር ቀይ ጨርቅ እንዲታሰርበት የሚጠይቅ ማመልከቻ አስገባች። ግልባጩ ዛሬም በእጄ ነው። ከግርጌው «ታይቷል» የሚል፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ ማኅተም አለበት። ከመንግሥት ቢሮ እንዲህ ጥርት ያለ ማኅተም አይቼ አላውቅምና ለመቺው እጅ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰንሰለቱ። ድንጋይ የሚዘርፉ መኪናዎችን ለማገድ እንደታሰበ ተነግሮኛል፤ ሐሳቡ መልካም ነው። የተዘረጋው በአደጋው ዋዜማ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአራተኛው ጉብታ በታች፣ በመታጠፊያው ማዶ፣ በሁለት የብረት ምሰሶዎች መካከል፣ በደረት ቁመት፣ ልክ የድንጋዩን ቀለም የመሰለ ሰንሰለት። ለበሩ ዘበኛ ለጀላሉዲን እንኳ የነገረው አልነበረም። አርብ ጠዋት ዓለምነሽ እንደ ልማዷ የበሩ መዝገብ ላይ ስሟን ጻፈች። «እህት ዓለም፣ ዛሬም ፀሐይን ቀደምሻት» አላት ጀላሉዲን። እሷም «ፀሐይ ባል የላት፣ ቁርስ አትሠራ፣ ምን አስረፈዳት?» ብላው ስቃ ገባች። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ለቅሶ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ።

ሙሰዲቅ እጁ ገና በደንብ ስላልጠናለት ከኋላ በቀስታ ይከተላት ነበር። መታጠፊያውን ሲዞር ብስክሌቱን ብቻ አየ። እሷን ያገኛት ከሰንሰለቱ ወዲያ ነው። በጀርባው አዝሎ እስከ በሩ አወረዳት፤ በዚያ ባልዳነ እጁ። ሆስፒታል ስደርስ ሸሚዙ በደም ርሶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «ጀንበሬ፣ ከፊት መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለኝ። እሷ በሦስተኛው ቀን አረፈች። በሦስቱም ቀን አልተናገረችም፤ እጇን ስይዘው ግን ትጨብጠኝ ነበር። ወይም እንደዚያ መስሎኛል።

አራተኛ፣ ስለ አደጋው ስላወጡት ሪፖርት። «አንዲት ማንነቷ ያልታወቀ የውጭ ዜጋ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ የዓለምነሽ አያት የመጡት ከባቡር ሐዲዱ ሥራ ጋር ነው፤ እሷ የተወለደችው እዚሁ ካርቲዬ ሁለት ውስጥ ነው። ስሟ በበርዎ መዝገብ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ በየአርቡ በገዛ እጇ ተጽፏል። ጀላሉዲን ይህንኑ ለፖሊስ ስለተናገረ በወሩ ከሥራ ተሰናበተ። እንግዲህ ማንነቷ ያልታወቀው ሴት ዘንድሮ በካርዱ ላይ አንድ ፊደል ሳይሳሳት ተጽፋ መጥታለች። ስሟን ከየት እንዳገኙት አልጠይቅም፤ መዝገቡ በደህና እጅ እንዳለ ማወቄ ራሱ መጽናኛ ነው።

አምስተኛ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስላስተናገዱኝ። ወንበር ሰጡኝ፤ ውሃም አስመጡልኝ። «በጣም ያሳዝናል» አሉኝ፤ ቀጥለውም «ግን በዚህ ዕድሜዋ ብስክሌት ላይ ምን አወጣት?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ቀን ተነሥቼ ወጣሁ። እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ መልሱ መጣልኝ፤ ለማን እነግረዋለሁ? ጎኔ ባዶ ነው። መልሱ ይኸው ነው፦ ደስ ስለሚላት። እሷን ደስ የሚላት ነገር እንዳለ እኔ ራሴ ከሃያ ዓመት ጋብቻ በኋላ ያወቅሁት በዚያ ብስክሌት ነውና፣ እርስዎ ባያውቁት አልፈርድብዎትም።

የአደጋው ማግሥት ጠዋት፣ እሷ ገና ትተነፍስ ሳለ፣ ሰንሰለቱ ላይ አራት ቀይ ጨርቆች ታሰሩ። ሙሰዲቅ ሊያይ ወጥቶ ቆጥሯቸዋል። ስለ ፍጥነቱ ከልብ አመሰግናለሁ።

በምላሹ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሪፖርቱ ላይ ስሟ ይጻፍ፤ ጀላሉዲንም ወደ በሩ ይመለስ። ካሳ አልፈልግም፤ መንገዱንም በስሟ እንዲሰይሙት አልለምንም። ካርዱን ለእሷ በቀረበላት ወንበር ላይ አስቀምጬው እመለስ ዘንድ ግን አርብ ጠዋት ከሙሰዲቅ ጋር እመጣለሁ። ንግግርዎን አናቋርጥም። የምንመጣው ልናደምጥ ነው፤ ምናልባት እዚያ መካከል ስሟን ይጠሩት ይሆናል።

የሥልጣን ዘመንዎ እንዲረዝም፣ የሚቆርጡት ሪባን እንዲበዛ፣ በሚያልፉበት መንገድም ሁሉ ፊት ፊትዎን የሚያስጠነቅቅ ሰው እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ እጅግ ዝቅ ባለ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የዓለምነሽ ባል፣
ጀንበሬ

ማስታወሻ፦ ሪፖርትዎ ዓለምነሽ «በግዴለሽነት፣ ፍሬን ሳትይዝ» እንደወረደች ይገልጻል። ፖሊስ ብስክሌቱን በዘጠነኛው ቀን መልሶልኛል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። የኋላ ጎማው በአንድ ቦታ ብቻ ተፍቆ ክሩ ወጥቷል። ጎማ እንዲህ የሚሆነው ተቆልፎ ሲጎተት ነው፤ ማንንም ብስክሌት ጠጋኝ ይጠይቁ። ሙሰዲቅ መሬቱ ላይ የቀረውን ጭረት በእርምጃው ለክቶታል፤ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ሰንሰለቱን አይታዋለች፣ ክቡር ሆይ። አሥራ አንድ እርምጃ ሙሉ ለመቆም ታግላለች። ባለሙያ ልከው ማየት ቢፈልጉ፣ ሱቄ ከአርብ በቀር ሁልጊዜ ክፍት ነው።