ስለ እማዬ ጥርስ ልነግርህ ይገባል

አባዬ፣ የኔ ሾፌር፣

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተ ጋ ያለ ሰው ለዚህ ጥያቄ ምን ብሎ እንደሚመልስ ስለማላውቅ ተውኩት። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ትንሽ ነው የቀረው። እህትህ እትዬ አስካለ ለሙት ዓመትህ ማን ይጠራ፣ ማን ይቅር በሚለው ጉዳይ ከወዲሁ ከግማሽ መካኒሳ ጋር ተጣልተዋል። ስለዚህ አታስብ፣ አልተረሳህም።

ያንተ ወንበር ላይ አሁን የምቀመጠው እኔ ነኝ። እማዬ መጀመሪያ ቀን ስታየኝ ሳህኔን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው፤ በዚያው ጸደቀልኝ። ታክሲህን የገዛው ሰውዬ ምኑንም አልቀየረም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳላውቅ ገብቼበት፣ በሩ ላይ "ይህ በር ቂም ይይዛል፣ ቀስ አድርገው ይዝጉት" ብለህ የለጠፍከውን ሳይ ነው የነቃሁት። ሰውዬው በሩን ሲዘጋው ግን መኪናው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ታዝቤው ወረድኩ። እማዬ ደግሞ ሥራ ይዛለች። ላፍቶ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ መግቢያው ላይ ተቀምጣ ወላጅ ታስተናግዳለች፣ ልጅ ትመዘግባለች፣ በመሀል የሰው ልጅ አፍንጫ ትጠርጋለች።

ይሄ ሁሉ ግን ለሰላምታ ያህል ነው። የምጽፍልህ ሚስትህን ልከስልህ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሎሚ ነው። የተጨመቀ ግማሽ ሎሚ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አገኘሁ። ሎሚ ኩሽና ቢገኝ ማንም ምንም አይልም፤ የጥርስ ብሩሽ አጠገብ የተገኘ ሎሚ ግን ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳው ማለቅ ጀመረ፣ የተጋገረ ነገር ግን የለም። ስልኳን ስከፍተው ድሮ የሽሮ አሠራር የሚያመጣላት ቪዲዮ አሁን አንዱ ከሌላው የባሰ የሚያብለጨልጭ ጥርስ ይደረድርልኛል። አንዱ በከሰል ፈትጉ ይላል፣ አንዱ በሙዝ ልጣጭ፣ አንዷ ደግሞ ወደ ክሊኒኳ ኑ ትላለች። ከሁሉም የባሰው ግን መስታወቱ ነው። በሩን ገርበብ አድርጋው ስለነበር አየኋት፤ ከላይ እስከ ታች የሐዘን ጥቁሯን ለብሳ፣ የላይኛውን ከንፈሯን በጣቷ ከፍ አድርጋ ጥርሷን እያገላበጠች ትመለከታለች። ከዚያ ፈገግ አለች። ለማንም አይደለም፣ ለመስታወቱ። ልምምድ ነበር።

አንተ ብትሆን ምን ትጠረጥር ነበር?

እኔ የጠረጠርኩት ጋሽ ብርሃኑን ነው። የእድራችን ጸሐፊ፣ ሚስታቸው ከሞቱ የቆየባቸው፣ አንተ "ሰውዬው ዝናብ ሲመጣ እንኳ ይስቃሉ" የምትላቸው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገቡ ወዲህ አፋቸውን መዝጋት ኪሳራ መስሏቸዋል። አንድ ቀን እማዬን ከታክሲ ወርዳ ዝናብ ሲይዛት በጃንጥላቸው እስከ በራችን ሸኟት። በመስኮት አየኋቸው፤ ጃንጥላው ወደ እሷ ያዘነበለ ነው፣ የሳቸው ግራ ትከሻ በስብሷል። እኔ እንዲህ ያለ ጨዋነት ያስፈራኛል።

አባዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ የፈራሁት ግን ሽማግሌውን ብቻ አይደለም። የእማዬን ጥርስም ነው።

ያን ታሪክ ስንት ጊዜ አስደገምኩህ! ከሜክሲኮ ወደ መካኒሳ እየነዳህ፣ እሷ ጋቢና ተቀምጣ። ረዳትህ አንድ ተሳፋሪ ላይ የሆነ ነገር ተናግሮ እጇ አፏ ላይ ሳይደርስ ሳቋ አመለጣት። አንተም ዞር ብለህ "የወንጂ ልጅ ነሽ አይደል?" አልካት። ሌላ ሾፌር ቢሆን እዚያው ትወርድለት ነበር። አንተ ግን ይህን ብለህ ፈገግ አልክ፤ እሷም ያንተን አየች። ሁለታችሁም የዚያው የጉድጓድ ውሃ ልጆች፣ ሁለታችሁም ጥርሳችሁ ገና ድድ ውስጥ እያለ ውሃው ቡናማ አድርጎ ያበቀለላችሁ። እስከ መካኒሳ ድረስ ስለ ሸንኮራ አገዳና ስለ ትምህርት ቤታችሁ ደወል አወራችሁ፤ እሷ መውረጃዋን አሳለፈች።

እኔ እኮ ትንሽ ሆኜ ነጭ ጥርስ የልጅ ጥርስ ነው የሚመስለኝ። የቤታችን አዋቂ ሁሉ ቡናማ ስለነበር ሳድግ የኔም ይቀየራል ብዬ እጠብቅ ነበር። የወተት ጥርሴ ወልቆ አዲሱ ነጭ ሆኖ ሲበቅል ያለቀስኩት ለዚያ ነው። አንተም ሳቅህን ይዘህ "አይዞሽ፣ የመካኒሳ ውሃ ደካማ ነው" አልከኝ።

እና አሁን እሱን ልታጠፋው? አንተ እሷን ያገኘህበትን ምልክት? ዓመት እንኳ ሳይሞላ? በዚህ ነው የጠረጠርኳት።

አንድ የእድራችን ሴት እማዬን ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ካለ የጥርስ ክሊኒክ ስትወጣ አየቻት። ከዚያ ወሬው እትዬ አስካለ ጋ እስኪደርስ የወሰደው ጊዜ ከመካኒሳ ብስራተ ገብርኤል ታክሲ ከሚወስደው ያነሰ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ አስካለ በራችንን አንኳኩተው ገቡ። ብቻቸውን አልነበሩም። ለምክር ብለው ሽማግሌ ይዘው መጥተዋል። ሽማግሌው ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሽ ብርሃኑ። የኔ ተጠርጣሪ ዳኛ ሆኖ መጣ።

ስብሰባውን ብታየው ትስቅ ነበር። ሁለቱም "ጥርስ" የሚለውን ቃል መጥራት አፈሩ። እትዬ አስካለ ስለ ጊዜው ክፋት ተናገሩ፤ ከዚያ ስለ ሰው ዓይን፣ ከዚያ ከሏ ከላይዋ ሳይወርድ አንዳንድ ነገር ስለሚጀምሩ ሴቶች። ጋሽ ብርሃኑ በየመሀሉ "ልክ ነው፣ ተፈጥሮን መቀበል ነው" እያሉ በፋብሪካ ጥርሳቸው ይስማማሉ። እማዬ አንገቷን ደፍታ የቀሚሷን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። እኔ ውሃ ይዤ ገባሁ። ብርጭቆውን ለእትዬ አስካለ ስሰጥ ከንፈራቸው ከፈት ብሎ ያ ጥቁር ሰማያዊ ድዳቸው ታየኝ። መንዝ ሳሉ፣ አያቴ ወደ ወንጂ ከመሰደዳቸው በፊት የተነቀሱት ድድ። ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ፣ ጠይቄ ግን አላውቅም ነበር።

በጣም በጨዋ ደንብ ጠየቅሁ።

"እትዬ፣ ድድዎን ግን የተነቀሱት ለምንድነው?"

"ልጅ ሆኜ ነው፤ እናቴ ናት በመርፌ ያስወጋችኝ።"

"አሞዎት ነበር?"

"ኧረ ወዲያ! ጥርሴ ነጣ ብሎ እንዲታይ ነው እንጂ" አሉ።

ወጥቶ አለቀ። መመለስ አይቻልም። እትዬ አስካለ ብርጭቆውን እንደያዙ ቀሩ። ጋሽ ብርሃኑ ሳቃቸውን ለማፈን ሞከሩ፣ አልሆነም፤ ሲስቁ የላይኛው ጥርሳቸው ከቦታው ወረደና በምላሳቸው ደግፈው መለሱት። እማዬ ያን ጊዜ ሳቀች። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። ግን እጇ አፏን ሸፍኗል። ከኛ ጋር ስትሆን እኮ እጇን አታነሳም ነበር፤ ትዝ ይልሃል? ያንተን ወንበር ተደግፋ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ነበር የምትስቀው። አሁን በገዛ ቤቷ ተሸፍና ሳቀች።

ሳቁ ሲያልቅ እጇን አላወረደችም። በዚያው ከእጇ ሥር ተናገረች። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ ጠዋት ስትቀበለው አፏን አይቶ ቸኮሌት በልተሽ ነው ብሎ ጠየቃት። እናቱ ደንግጣ እጁን ጎትታ ወሰደችው። ልጁ አልነበረም የከነከናት፣ የእናትየዋ መደንገጥ ነው።

"እትዬ፣ እሱ እያለ እኮ ይሄ ጥርስ አገሬ ነበር" አለች። "ሁለት ነበርን። ሰው ቢያየኝም እሱን ዞር ብዬ አየው ነበር። አሁን ብቻዬን ስስቅ ቆሻሻ ነው የሚመስለው።"

እኔ እንኳ አልቀለድኩም፤ ይሄን ደግሞ ጻፍልኝ፣ ብዙ ጊዜ አይሆንም። እትዬ አስካለ ብርጭቆውን አስቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ በስንት ጊዜ አንዴ የምሰማውን ለስለስ ያለ ድምፅ አውጥተው፣ ወንድማቸው ራሱ ለሠርጉ ፎቶ አፉን ከፍቶ እንዳልሳቀ ነገሩን። ያኔ ፎቶ አንሺውን እንደሰደቡት፣ ጥፋቱ ግን የፎቶ አንሺው እንዳልነበረ። ቀጥለው ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠየቁ። አብሬሽ እሄዳለሁ አሉ፤ ምክሩ በዚህ ተዘጋ።

ክሊኒኩ ሦስታችንም ሄድን። እኔ አሁንም ጥርጣሬዬን አልተውኩም። ግድግዳው ላይ የአንድ ሰውዬ ከሕክምናው በፊትና በኋላ ፎቶ ተለጥፏል። በፊት ጥርሱ ቢጫ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ፊቱ ጨለማ ውስጥ። በኋላ ጥርሱ በረዶ፣ ጢሙ የተላጨ፣ ከረባት ያሰረ። ጥርስ ሲነጣ ሱፍ ልብስም አብሮ ይሰጣል ወይ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኋት። ወጣት ናት፣ ሳቀች፤ ፎቶውን እነሱም ከኢንተርኔት እንዳገኙት ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ትንሽ አመንኳት።

የእማዬን አፍ አብርታ አየችና መጀመሪያ የከለከለቻት ሎሚውን ነው። ጥርስሽን እየበላው ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ተይው አለቻት። የማንጫ መድኃኒቱም እንደማይሆንላት አስረዳቻት። ቡናማው ከላይ የተለጠፈ አይደለም፣ ከጥርሱ ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ መድኃኒቱ ነጩን የበለጠ አንጥቶ ቡናማውን ሊተወው ይችላል፣ ያኔ ዥንጉርጉር ሆነሽ ታርፊያለሽ አለች። የሚሻለው ፊት ለፊት ያሉትን በስሱ ሞርዶ ጥርስ በሚመስል ስስ ልባጥ መሸፈን ነው፤ የላዩንም የታቹንም። ግን አንዴ ከተሞረደ ወደ ነበረበት አይመለስም፣ አስቢበት አለቻት።

እማዬ ሳምንቱን ሙሉ አሰበች። ስትመለስ "የላዩን ሥሩልኝ፣ የታቹ ይቆይ" አለች። ሐኪሟ አይመሳሰልም ብላ ልታግባባት ሞከረች። እትዬ አስካለ ሕመም ፈርታ መሰላቸውና እጇን ያዙላት። እማዬ ግን የታቹ ይቆይ እንዳለች ጸናች፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም።

አሁን ተሠርቶላታል። አባዬ፣ ታምርበታለች፤ ይሄን ስጽፍ ትንሽ ከፍቶኛል፣ ግን ታምርበታለች። ጠዋት በሩ ላይ ለወላጆች ፈገግ ስትል የሚታየው የላዩ ብቻ ነው፣ ነጭ፣ ጨዋ፣ የቢሮ ጥርስ። እኔም ያችን ሴት ለብዙ ቀን እንደ እንግዳ ስሰልላት ቆየሁ። ትናንት ግን ምሳ ላይ እትዬ አስካለ ሐኪሟን ለብቻዋ ጠርተው ድድ ንቅሳት ይለቃል ወይ ብለው መጠየቃቸውን ነገርኳት። ውሃ ትን እስኪላት ሳቀች። እጇ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አልተነሳም። አንገቷን ወደ ኋላ ስትጥል የታቹ ረድፍ ወጣ፤ ያው፣ ሙሉ ቡናማ፣ አንዱም ያልተነካ።

ያኔ ገባኝ። የላዩ ለሰው ነው። የታቹ ከልቧ ስትስቅ ብቻ ነው የሚታየው።

የምጽፍልህ እንግዲህ ክሱን ለማንሳትና አንድ ነገር ላሳስብህ ነው። እማዬ ገና ብዙ ዓመት እኔ ጋ ትቆያለች፣ አትቸኩልባት። ለሙት ዓመትህ ከሏን ታወልቃለች፤ እኔም ፎቶ አነሳታለሁ፣ አስቂኝ ነገር ከወዲሁ አዘጋጅቻለሁ። ጋሽ ብርሃኑን መከታተሌን አላቆምኩም፤ ጃንጥላ በያዙ ቁጥር መስኮቱ ላይ ነኝ። አንተንም አልረሳህም፤ እሷ በሳቀች ቁጥር ዝቅ ብዬ አያለሁ፣ እዚያ አለህ።

እሷም አንድ ቀን አርጅታ አንተ ጋ ስትመጣ፣ ነጭ ጥርስ አይተህ የሌላ አገር ሴት መስላህ እንዳታልፋት። መጀመሪያ አስቃት። ከዚያ የታቹን አይተህ የምትጠይቀውን ታውቀዋለህ።

ልጅህ ማክዳ
የመካኒሳ ውሃ