ርካሽ መስቀል

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል፣ ከት/ቤት መልስ

የእንግሊዝኛ ፈተና እያረምኩ ነው። ቀይ ቀለም አለቀ። እህቴ ዘነበች ሳንቃ ይዛ ገባች፤ ወረቀቱን ከወንበር ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

ወደ ቤተ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከወይራ የምትፈለፍላቸውን መስቀሎች ትሸጣለች። ቀበሌው፣ ለገና ያልሸጠ ቦታውን ለዕደ ጥበብ ማኅበሩ ያስረክባል ብሏል። ባል ሞቶባታል፣ መሬት የላት፤ ያላት ያቺ ቦታ ናት። ሳንቃው ላይ በእንግሊዝኛ “ቺፕ”፣ ርካሽ፣ ብለህ ጻፍልኝ አለች። አስጎብኚዎቹ፣ ፈረንጅ በዚህ ቃል ይቆማል ብለዋታል።

እምቢ አልኩ። ደብተሬ፣ ላንተ ላስረዳ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ ገበያ ማለት ነበር፤ መግዛት፣ መሸጥ። ነውር የለበትም። በኋላ ዋጋው የተስማማው ሰው “ጥሩ ገበያ” ይል ጀመር። ምላስ ሰነፍ ነው። “ጥሩ” ተጣለ፣ “ገበያ” ብቻውን ቀረ። ዛሬ ዋጋው ቀላል ማለትም ነው፣ ዕቃው የማይረባ ማለትም ነው። ሰውም ይሰደብበታል።

“ጥሩው ሲለያት ወደቀች በለኛ፣ ጋሼ” አለች። “እንደኔው።”

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ታኅሣሥ 21፣ ማርያም

በሌላ ሰው አስጽፋዋለች። በከሰል። ያውም በተሳሳተ ፊደል፣ cheep ተብሎ፤ እንደዚያ ሲጻፍ በእንግሊዝኛ የጫጩት ጩኸት ነው።

ሁለት ፈረንጆች ቆሙ። ሴትየዋ አንዱን መስቀል አነሳች፣ ገለበጠች፣ ስንጥቅ ፈለገች። አላገኘችም። ቢሆንም መልሳ አስቀመጠችው። በጫጩት ፊደልም ቢሆን፣ ቃሉ ገብቷታል።

ታኅሣሥ 24፣ ተክለ ሃይማኖት

የባሰ መጣ። ንስሐ አባታችን ትናንት ሲያልፉ ሰሌዳው ምን ይላል ብለው ጠየቁ። ርካሽ ይላል አለቻቸው።

“መስቀል ይረክሳል ወይ፣ ልጄ?”

ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ሰው ግን ሰማ። ከዚያ ወዲህ ያገር ሰውም አይገዛትም።

ተናድጄ ሄድኩባቸው። አባ፣ እሷ የተናገረችው ስለ ዋጋ ነው አልኩ። ቃሉ አንድ ነው፣ መምህር አሉኝ። እውነትም አንድ ነው። ረከሰ፦ ዋጋው ወረደ። ረከሰ፦ ጎደፈ። ግእዙማ ጉድፉን ብቻ ነው የሚያውቀው። እንግሊዝኛው ከገበያ ተነሥቶ ወደ ጉድፍ ወረደ፤ የኛው ከጉድፍ ተነሥቶ ገበያ ገባ። መንገድ ላይ ተገናኙ። የተገናኙት እህቴ ትከሻ ላይ ነው።

ታኅሣሥ 27፣ መድኃኔ ዓለም፣ ማለዳ

ከሰሉን በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁት። በቀለም ጻፍኩ፣ በሁለቱም ቋንቋ፦ የወይራ መስቀል። የዘነበች እጅ ሥራ። ሌላ ቃል የለም። ለአባም አሳየሁ። አነበቡ፤ አንዱን መስቀል አንስተው ባረኩት።

ዘነበች ግን፣ ዋጋውን ማን ይነግራቸዋል አለች። የሷ እንግሊዝኛ ያቺው አንዲት ቃል ናት።

የቀበሌው ጓድ ሊቀመንበር፣ መምህር መንገድ ዳር ይቸረችራል ብሎ በስብሰባ ያነሣብኛል። ያንሣ። ኮቴን ለብሻለሁ። በር ላይ ቆማ፣ ፈረንጆቹ እየወረዱ ነው፣ ጋሼ፣ ትላለች። ሳንቃውን እኔ እሸከማለሁ። ሲጠይቁኝ ዋጋውን እናገራለሁ። ቅጽል አልጨምርም።